ቤታችን የነበረው መኪና

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና ያፈላ ስኒውን ይዞ ይቀመጥ፤ የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው። ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ግን ማምለጥ የለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን "ቤታችሁ ምን ምን ንብረት አለ?" ብላ ጠየቀችን። አንዱ ላም አለ፣ አንዷ ቴፕ አለች፣ እኔ እጄን አውጥቼ "መኪና!" አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለሦስት ቀን ያህል የሀብታም ልጅ ሆኜ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን አንዱ የክፍሌ ልጅ ዩኒፎርም ሊለካ ከእናቱ ጋር አባቴ ሱቅ መጣና "መኪናው የታለ?" አለኝ። አሳየሁት። እስካሁን ባገኘኝ ቁጥር በዚህ ይስቅብኛል።

ግን አልዋሸሁም እኮ! አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እኛ ቤት "መኪና ዘይት ጨርሷል"፣ "መኪናውን አትንኩ"፣ "መኪናው ዛሬ አኩርፏል" ሲባል የሚወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥቁር፣ ከባድ፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፉ በአባቴ ክንድ ተፍቆ ግማሹ የጠፋ ሲንጀር። አባቴ ሥራ ካስተማረው ጌታው ነው የገዛው፤ ያውም እኔ ከመወለዴ በፊት፣ ገንዘቡን በየወሩ እየቆራረጠ ከፍሎ። እኔና እህቶቼ የበላነው፣ የለበስነው፣ የተማርነው ከዚያ መኪና ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር የደሴ ተማሪ ግማሹ በእኛ ቤት መርፌ ያለፈ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። መኪናው የቆመው ደግሞ ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። አንድ ቀን "ቀጭ" አለና የታችኛውን ክር የምትይዘው የቦቢን ቤት ተሰነጠቀች። አባቴ ጥቂት ፈለገ፣ አጣ፣ በቻይና መኪና ሥራውን ቀጠለ። አሮጌውን ግን አልሸጠውም። በአቡጀዲ ሸፍኖ ጥግ አስቀመጠው።

ዘንድሮ ከገና በኋላ እናቴ "ይሄን ብረት አውጣልኝ፣ ቤቱን በላው" አለችኝ። ቁራሌው መጥቶ አይቶታል፤ በኪሎ ሊወስደው ተስማምቷል። በኪሎ! "እማዬ፣ እስከ ፋሲካ ታገሺኝ" አልኳት። "እስከ ፋሲካ ምን ልትሆንበት ነው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እኔ ብሎን ከሞላ የማልለይ የታሪክ አስተማሪ ነኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት የፈጀሁት በማጽዳት ነው። መኪናው ደርቆ ጎማው ንቅንቅ አይልም ነበር። ሰፈር ያለ መካኒክ "እንዳትመታው፤ ላምባ አጠጣውና ተወው" አለኝ። ዘይት በሚገባባት ቀዳዳ ሁሉ ላምባ አንጠባጠብኩ፣ አሳደርኩ፣ በማግስቱም እንደገና። በሦስተኛው ቀን ጎማው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተንቀሳቀሰ። ከጥርሶቹ ሥር በመርፌ እየቆፈርኩ ያወጣሁት ብናኝ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሰማያዊ፣ ካኪ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ተደራርቦ ተጠቅጥቋል። የየትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ነው። መሬት ቆፋሪዎች በአፈሩ ንብርብር ዘመን የሚለዩትን እኔ በብናኝ የምለይ መሰለኝ።

ቆሻሻው ሲለቅ ከታች አንድ ቁጥር ታየ። ከፊቱ ሁለት የላቲን ፊደል አለ፦ ኢ እና ጂ። ሲንጀር ምስጋና ይግባውና እያንዳንዱን መኪና ቁጥር ሰጥቶ መዝግቧል። ፊደሎቹ የሚሉት መኪናው በ1950 አካባቢ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በምትባል ከተማ መሠራቱን ነው። የሞዴሉ ስም 31ኬ ነው፤ ለቤት እመቤት ሳይሆን ለባለሙያ ሰፊ የተሠራ። "ኬ"ዋ ፋብሪካው የቆመበትን ኪልቦዊ የተባለ ቦታ ታመለክታለች።

ስለዚህ ፋብሪካ ትንሽ ላውጋችሁ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር በዓለም ትልቁ የስፌት መኪና ፋብሪካ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአንድ ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና ያወጣ ነበር። ማማው ላይ ከሩቅ የሚታይ ግዙፍ ባለ አራት ገጽ ሰዓት ነበረው፤ ሠራተኛው የሚነቃውም የሚገባውም በእሱ ነው። በ1911 የመኪናውን እንጨት የሚወለውሉ ጥቂት ሴቶች "ሰው ቀንሳችሁ ሥራውን በእኛ ላይ አትጨምሩብን" ብለው ሥራ አቆሙ። በቀናት ውስጥ 11,000 ያህል ሠራተኛ ተከትሏቸው ወጣ። አድማው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ተሸነፈ፤ 400 ያህል ሰዎችም ተባረሩ። እነዚያን ሴቶች ልብ በሉልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስባቸዋለሁ። በመጋቢት 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሁለት ሌሊት ደብድበው ከ500 በላይ ሰው ገደሉ፤ የፋብሪካው የእንጨት ክምችትም ነደደ። የእኛ መኪና እንግዲህ ከዚያ ፍርስራሽ ከተነሡ ሰዎች እጅ የወጣ ነው። ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ። ዛሬ እዚያ የቀረው ስም ነው፤ የባቡር ጣቢያው አሁንም "ሲንጀር" ይባላል።

በቃ፣ ታሪኩ ያዘኝ። አፍሬአለሁም። ስንት ዓመት የኢንዱስትሪ አብዮትን ሳስተምር ስለ መፍተያና ስለ ሽመና መኪና እንጂ ስለ ስፌት መኪና አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም። የማስተምርበትን ሸሚዝ የሰፋው ቤታችን ቆሞ!

የስፌት መኪና ታሪክ የሚጀምረው በልብስ ሰፊ ነው። ፈረንሳዊው ባርቴለሚ ቲሞኒየ በ1830 የፈጠራ መብት ወስዶ ፓሪስ ውስጥ ወደ 80 በሚጠጉ መኪናዎች የወታደር ልብስ መስፋት ጀመረ። የከተማው ሰፊዎች "እንጀራችንን ሊያሳጣን ነው" ብለው ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩ። ሰውየው በ1857 ሲሞት ድሃ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዋልተር ሃንት የሚባል ሰው በ1830ዎቹ ዓይኗ ጫፏ ላይ የሆነ መርፌና ሁለት ክር የሚያቆላልፍ መኪና ሠራ። መብቱን ግን አላስመዘገበም። እንደሚተረከው ልጁ "በእጃቸው ሰፍተው የሚያድሩ ሴቶች ምን ይበላሉ?" ብላዋለች። ይሄው ሃንት ነው በኋላ የመርፌ ቁልፍን የፈጠረውና በ400 ዶላር የሸጠው። ዕድል የሚባለው ነገር!

በ1846 ኤልያስ ሃው የቁልፍ ስፌትን መኪና አስመዘገበ። በ1851 አይዛክ ሲንጀር ተነሣ። ሲንጀር ተዋናይ ነበር፣ ሴት ወዳድ ነበር፣ ከብዙ ሴቶች ከ20 በላይ ልጆች ወልዷል ይባላል። ጋንዲ ማሽን ባይወድም ለስፌት መኪና ብቻ ምሕረት አድርጓል፤ ሲንጀር ሚስቱ በእጅ ስትሰፋ አዝኖ የሠራው ስለመሰለው። ጋንዲ የዋህ ነበር። ሲንጀር የሠራው ለገንዘብ ነው። ሃው ከሰሰው፣ አሸነፈውም፤ በ1856 ግን ባለመብቶቹ ፍርድ ቤት ከምንካሰስ ብለው መብታቸውን በአንድ ቋት አደረጉት። በዚያው ዓመት የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ ሌላ ነገር አመጣ፤ መኪናውን ወስዳችሁ ዋጋውን ቀስ እያላችሁ ክፈሉ አለ። አባቴ ከጌታው ጋር በቃል የተዋዋለው ውል ከኒውዮርክ የተነሣ ነው ማለት ነው።

በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ የሚፈጀው የወንድ ሸሚዝ በመኪና በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ አለቀ። ታሪክ መጻሕፍቱ እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። እኔን ግን ያስደነቀኝ ሌላ ነው፤ እሱንም ያስተማረኝ የተሰበረ ዕቃ ፍለጋ ነው።

ሦስት ነገር ጎድሎኛል። የቦቢኗ ቤት ተሰንጥቃለች። የላይኛውን ክር የምትወጥረው ቀጭን ሞላ ተበጥሳለች። ጨርቅ የሚጫነውን እግር የሚይዘው ብሎን ጠፍቶ አባቴ በሽቦ አስሮታል።

ደሴ ውስጥ ዞርኩ። ሁሉም ጋር ያለው የቢራቢሮ ዕቃ ነው። የቢራቢሮ ዕቃ ለምን እንደ ጨው በየሱቁ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች የሲንጀርን 15 ቁጥር የቤት መኪና ቀድተው፣ ልኩን አንድ አድርገው፣ ብዙ ፋብሪካ ተካፍሎ እንዲሠራው አደረጉ። የቻይናው ቢራቢሮም የዚያው ዘር ነው። የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል። የእኔው 31 ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። የቢራቢሮን የቦቢን ቤት ሞከርኩት፣ አልገባም። ብሎኑም እንደዚያው፤ ሲንጀር ለብሎኖቹ የራሱን ጥርስ ነው የቆረጠላቸው፣ ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ገዝተህ አትሞላውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። "መለዋወጫ" የሚለውን ቃል አስቡት፤ የሚለዋወጥ ማለት ነው። ይሄ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም፣ የተፈጠረ ነገር ነው። ድሮ አንድ ጠመንጃ ምላጩ ቢሰበር አንጥረኛው ለዚያ ጠመንጃ ብቻ የሚሆን ሌላ ምላጭ ይሠራል። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ይህን የለወጡት የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል በልክ መለኪያ እየታየ እንዲሠራ አደረጉ። አድዋን አስታውሱ፦ ሠራዊታችን የያዘው ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ ስለነበር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ልክ አንድ አለመሆን ምን እንደሚያስከፍል አያቶቻችን በሚገባ ያውቁታል።

ሲንጀርስ? የሚገርመው፣ በዓለም ታዋቂ ሲሆን እንኳ ለብዙ ዓመት መኪናዎቹን ሠራተኛ በሞረድ እየሞረደ ነበር የሚያገጣጥማቸው። ክፍሎቹ ከጓደኞቻቸው እንዳይለያዩ ቁጥር ይመታባቸው ነበር። የዚያ ዘመን ሲንጀር ዕቃ ለሌላ ሲንጀር በቀጥታ አይሆንም። ወደ እውነተኛው መለዋወጫ የተጠጉት በ1880ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስኮትላንድ የተሠራ መኪና ደሴ ላይ ቢሰበር ዕቃው ከሌላ ቦታ ሊመጣለት የሚችለው። የሩቅ አገር ድሃ ሰፊን መኪናው ጋር ያቆየው ይሄ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር ዕረፍት አዲስ አበባ ሄድኩ። መርካቶ ሁለት ቀን ዞሬ በመጨረሻ ምናለሽ ተራ ውስጥ ወደ አንድ ሐጂ ጠቆሙኝ። ሐጂ ሰባራዋን ተቀበሉኝ፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ "ይቺ የሰፊ ናት። ሠላሳ አንድ ናት" አሉ፤ ቁጥሩን ሳልነግራቸው። ከወንበራቸው ሥር የወተት ጣሳ ጎተቱ። ጣሳው ሙሉ የሞቱ መኪናዎች አንጀት ነው። አንዷን አወጡ፤ ዛጋለች። ሁለተኛዋን አወጡ፤ ሞላ የላትም። ሦስተኛዋን አወጡና በነጠላ ጫፍ ጠረጉ። "ከማን መኪና እንደሆነች አላውቅም፤ ባለቤቷን አላህ ይማረው" አሉ። ሞላዋንም ከዚያው ጣሳ ለቀሙልኝ። ዋጋ ስንከራከር "ወሎዬ አይደለህ? ትንሽ ቀንስልሃለሁ" አሉ። ቀነሱ፣ ግን በጣም ትንሽ ነው!

ደሴ ተመልሼ ያቺን የማላውቀው ሰው መኪና ዕቃ ወደ አባቴ መኪና አስገባኋት። "ቀጭ" አለች። አልሞረድኩም፣ አልመታሁም። በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሰው እጅ የተሠራች ናት፤ ቦታዋን ግን አወቀችው። ብዙ ዓመት ያስተማርኩት የኢንዱስትሪ አብዮት ያን ቀን ነው የገባኝ።

የቀረው ብሎን ነበር። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሠራተኛው ቀና ብሎ አየኝና "ቲቸር!" አለ። አሥረኛ ክፍል ሳስተምረው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተኝቶ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ነው፤ ታሪክ ላይ የሰጠሁትን ማርክ እዚህ አልጽፈውም። ቀዳዳውን በመለኪያ አየ፣ ከሌላኛው ብሎን ጋር አመሳሰለ፣ "ይሄ በሚሊሜትር አይሄድም ቲቸር፣ የድሮ ነው" አለና ሁለቴ አበላሽቶ በሦስተኛው ጥርሱን ቆረጠልኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ እንዲህ ያለውን ለምን ክፍል ውስጥ አላስተማሩንም?" አለኝ። ልጄ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ መልሱ "አላውቀውም ነበር" ነው።

ዕቃው ሁሉ ገባ። ዘይት አጠጣሁ፣ አዲስ ቺንጋ አሰርኩ፣ አዲስ መርፌ ከተትኩ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። ሄደ! ድምፁ ያው ነው። ግን አይሰፋም። ሁለት ይሰፋል፣ ሦስት ይዘላል፣ ክሩ ይበጠሳል። ሳምንት ሙሉ ፈታሁ ገጠምኩ። ሐጂን በልቤ ጠረጠርኳቸው። ፋሲካ አሥር ቀን ቀርቶታል።

አንድ ማታ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ከበር ቆማ ታየኝ ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በመቀነቷ ጠረገች፣ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች። "መርፌውን አዙረህ ነው የከተትከው" አለች። "እንዴት እማዬ?" አልኳት። "ቦይዋ ክሩ በሚገባበት በኩል ነው የምትሆነው። ይሄው፣ ዳስሰው።" መርፌ ላይ በረጅሙ የምትወርድ ቀጭን ቦይ አለች፤ ክሩ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ የሚደበቅባት። መርፌው ወርዶ ትንሽ ቀና ሲል ክሩ በሌላኛው በኩል ቀለበት ይሠራል፤ ከታች ያለችው መንጠቆ ያን ቀለበት ይዛ ትዞራለች። መርፌው ከዞረ ቀለበቱ በተሳሳተ ጎን ይሠራል፣ መንጠቆዋ ባዶ ታልፋለች። ይህን ማብራሪያ በኋላ ነው ያነበብኩት። እናቴ የምታውቀው በጣቷ ነው።

አስተካከለችው። "ተነሣ" አለችኝ። ተነሣሁ። ተቀመጠች። ቁራጭ ጨርቅ አስገባችና ሰፋች፤ ቀጥ ያለ፣ መስመር የመሰለ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜአለሁ። "አንቺ መስፋት ትችያለሽ?" አልኳት። ሳቀችብኝ። "መስከረም ሲመጣ ያ ሁሉ ዩኒፎርም በአባትህ በሁለት እጁ ብቻ የሚያልቅ መሰለህ? እናንተ ስትተኙ ማን ነበር የሚቀመጠው?" አለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ይኸውላችሁ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ክላይድባንክ ውስጥ የነበሩትን ሴቶች ታሪክ አንብቤ ለራሴ "ታሪክ የረሳቸው" እያልኩ አዝኜላቸዋለሁ። የአባቴን ሞት ስናስብም፣ በምርቃቴም ቀን፣ እዚሁ ገጽ ላይም "አባቴ ሰፍቶ ያስተማረን" ብዬ ጽፌአለሁ። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እዚያው ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። እንግዲህ ዛሬ አርሜአለሁ፦ አባቴና እናቴ ሰፍተው አስተማሩን።

ፋሲካ አለፈ። ቁራሌው መጥቶ "ብረቱስ?" ቢላት "የምን ብረት? መኪና ነው" አለችው። አሁን ከሰዓት በኋላ የጎረቤት መጋረጃ ትሰፋለች። ቤቱን አሁንም በልቶታል፤ ስለዚያ ግን አታወራም።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁና ልጨርስ። አንደኛ፣ ቤታችሁ ጥግ ላይ የቆመ አሮጌ መኪና ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ማን ማን እንደሠራበት ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ለ31ኬ የሚሆን ትርፍ የቦቢን ቤት ያለው ወይም የት እንዳለ የሚያውቅ በኢንቦክስ ይጻፍልኝ። እናቴ "አንድ ዕቃ ብቻ ይዞ መኪና አይነዳም" ብላኛለች።